ጠቆር ያለ ፔቱኒያ በግቢዎ

«ጥቁር ነው» ተብሎ የተገዛው ፔቱኒያ ሲያብብ ተራ ወይን ጠጅ ሆኖ ይገኛል። ወይም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይን የሚይዝ ጥቁር አበባ ያወጣው ተክል ውሎ አድሮ ይገረጣል፣ ግንዱ ይረዝማል፣ አበባው ያንሳል። ጠቆር ያለ ፔቱኒያ የተከለ ሰው ከሁለቱ አንዱን ሳያይ አይቀርም። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በሻጩ ላይ ይላከካል፤ አንዳንዴም ልክ ነው። ነገር ግን ጥቁረቱ በዘሩ ውስጥ ተቋጥሮ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ተክሉ እያንዳንዱን አበባ ሲሠራ ቀለሙንም አብሮ እንደ አዲስ ይሠራዋል፤ ብርሃን ሲያንሰው፣ ሙቀት ሲበዛበት ወይም ሲራብ ከቀለሙ ይቀንሳል። እንግዲህ ግማሹ የዝርያው፣ ግማሹ የእርስዎ ሥራ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። ፍጹም ጥቁር ፔቱኒያ የለም። ጥቁር የምንለው እጅግ የጠለቀ ወይን ጠጅ ነው፤ አበባውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ከሥር ቢያዩት ቀላ ያለ ሐምራዊ ብርሃን ያሳልፋል። ይህን ቀለም የሚሰጠው አንቶሳያኒን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በአበባው ቅጠሎች ውስጥ በብዛት ሲከማች ዓይናችን ጥቁር ያየዋል። ተክሉ የሚያዘጋጀው ከፀሐይ ብርሃን ባገኘው ስኳር ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ አየር ክምችቱን ያበዛል፣ ብርቱ ሙቀት ይቀንሰዋል። የአዲስ አበባ፣ የደብረ ብርሃን፣ የጎንደርና የመሳሰሉት ከተሞች ቀዝቃዛ ሌሊት ለዚህ አበባ ትልቅ ጸጋ ነው። የእኛ ደጋ ችግር ሙቀት ሳይሆን የክረምቱ ዝናብ ነው፤ የሚከተሉት ደረጃዎችም በአብዛኛው በዚህ ላይ ተመሥርተው የተዘጋጁ ናቸው።

1. ዘር ወይስ ችግኝ? አስቀድመው ይወስኑ

ብዙ ገንዘብና ብዙ ወራት የሚባክኑት እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ጠቆር ያሉ ፔቱኒያዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ከዘር ይበቅላሉ። ሌሎቹ፣ በተለይ እጅግ ጥቁር የሆኑት፣ የሚራቡት ከግንድ ቁራጭ ብቻ ነው።

በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው ብላክ ቬልቬት የሚራባው በቁራጭ ነው። ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ ቢጫ ኮከብ ያለው ፋንተምም፣ ጥቁር ሐምራዊ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨበት ናይት ስካይም እንዲሁ። ስለዚህ በኢንተርኔት ላይ «የብላክ ቬልቬት ዘር» ብሎ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመዎት አይግዙ። ዘሩ ሊበቅል ይችላል፣ የሚያብበው ግን ሌላ ነገር ነው። ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆኖ የተነሣ ፎቶም ማስረጃ አይሆንም፤ ፎቶ ማጥቆር የደቂቃ ሥራ ነው።

ከዘር መጀመር ከፈለጉ «ቡርጋንዲ» ወይም ጥቁር ሐምራዊ የተባሉትን ይምረጡ። ሶፊስቲካ ብላክቤሪ ከዘር ከሚበቅሉት መካከል በጣም ጠቆር ያለ፣ ጥልቅ ቡርጋንዲ አበባ ያለው ነው። እንዲህ ያሉት ዘሮች ብዙውን ጊዜ ኤፍ 1 የተባሉ ዲቃላ ዘሮች ናቸው። ይህ ማለት ከእርስዎ ተክል ላይ ዘር ለቅመው ቢዘሩ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም፤ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ የገረጣ ሐምራዊ፣ አንዱ ነጭ ሊሆን ይችላል። ዘር ማስቀመጥ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል፤ መፍትሔው መጨረሻው ደረጃ ላይ አለ።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ካለ ዘመድ ዘር ማስላክ የተለመደ ነው። ዘርም ሆነ የተክል ቁራጭ ድንበር ሲሻገር የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫና ፈቃድ እንደሚጠየቅበት ግን አይርሱ። ቁራጭ በሻንጣ ደብቆ ማምጣት በሽታና ተባይ ይዞ መግባት ነው።

ችግኝ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ወይም ከችግኝ ጣቢያ የሚገዙ ከሆነ በእምቡጥ ያለውን አይውሰዱ፤ ቢያንስ አንድ አበባ የፈነዳለትን ይጠይቁ። ከጥላው አውጥተው በፀሐይ ይዩት። ጥላ ውስጥ ማንኛውም ሐምራዊ ጥቁር ይመስላል። አጭርና ብዙ ቅርንጫፍ ያለው፣ ቅጠሉ እስከ ታች አረንጓዴ የሆነ፣ ከማሰሮው ወይም ከፕላስቲኩ ሥር ያሾለከው ሥሩም ነጭ የሆነ ችግኝ ጥሩ ነው። በአበባ የተሸፈነ ግን ግንዱ ረጅምና ራቁት የሆነ ችግኝ እዚያው ጉልበቱን ጨርሷል፤ ባይፈተኑ ይሻላል።

ስለ አበባው መጠንም አንድ ቃል። ግራንዲፍሎራ የሚባለው ዓይነት አበባው እስከ 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሰፋል፤ ያምራል፤ ግን አንድ ኃይለኛ ዝናብ ያበላሸዋል። መልቲፍሎራ የሚባለው አበባው ያንሳል፣ በቁጥር ይበልጣል፣ ከዝናብ በኋላም ቶሎ ያገግማል። ግቢዎ መጠለያ ከሌለው ሁለተኛውን እመክራለሁ።

2. ወቅቱን ከዝናቡ ጋር ያስታርቁ

ፔቱኒያ ከተዘራበት ቀን እስከ መጀመሪያው አበባ በጥሩ ሁኔታ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል፤ አየሩ ከቀዘቀዘ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። በደጋና በወይና ደጋ አበባው በኅዳር እንዲፈነዳ ከፈለጉ በነሐሴ አጋማሽ በመጠለያ ሥር ይዝሩ፣ በጥቅምት አጋማሽ ወደ ግቢ ያውጡት። ከዚያ በኋላ ያሉት ደረቅና ፀሐያማ ወራት ከቀዝቃዛው ሌሊታቸው ጋር ለጥቁር ቀለም የሚመቹ ናቸው።

በሰኔ የተተከለ ፔቱኒያ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ይደበደባል፣ በረዶ ይወርድበታል፣ ደመናው ብርሃን ይነሣዋል። ሰው ዝናቡ ያጠጣልኛል ብሎ በዚህ ወቅት ይተክላል፤ ለዛፍ የሚሠራው ምክር ለፔቱኒያ አይሠራም።

ውርጭ በሚመታባቸው ከፍተኛ ቦታዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ማሰሮዎቹን ከጣሪያ ጠርዝ ሥር ያስጠጉ ወይም መደቡን በቀላል ጨርቅ ይሸፍኑ፤ ጠዋት ይግለጡት። ፔቱኒያ ቅዝቃዜ ይችላል፣ ጠንካራ ውርጭ ግን ይገድለዋል። እንደ ድሬዳዋና አዳማ ባሉ ሞቃት ከተሞች ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ቀዝቀዝ ያሉ ወራት ዋናው የአበባ ጊዜ እንዲሆኑ ያቅዱ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች፣ በአካባቢያችሁ የመጨረሻው ውርጭ ከሚጠበቅበት ቀን 10 ወይም 12 ሳምንት ቀድማችሁ ቤት ውስጥ ዝሩ፤ ከወራቱ በቀር የተቀረው እንክብካቤ ያው ነው።

3. አፈሩን ያዘጋጁ፤ አመዱን ይተዉት

ፔቱኒያ ውሃ የሚያሳልፍና በመጠኑ አሲዳማ የሆነ አፈር ይወዳል፤ ፒኤቹ ከ5.5 እስከ 6 ቢሆን ይመረጣል። ቀይ አፈር ያለው ግቢ ብዙ ጊዜ ለዚህ ቅርብ ስለሆነ የበሰበሰ ኮምፖስት መቀላቀል ይበቃዋል። ችግሩ ሲረጥብ የሚጣበቀው፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር ነው። ግቢዎ እንዲህ ከሆነ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጉድጓድ ይቆፍሩና ውሃ ይሙሉት። ከብዙ ሰዓት በኋላም ውሃው እዚያው ካለ መሬት ላይ አይትከሉ። መደቡን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉ ወይም ማሰሮ ይጠቀሙ።

ለማሰሮ የሚሆን ድብልቅ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም ፍግ፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ወይም የተወቀጠ ቀይ አሽ ነው። ፍጉ ቢያንስ ጥቂት ወራት የበሰበሰ፣ ሽታው የጠፋ መሆን አለበት። ትኩስ ፍግ ለጋ ሥር ያቃጥላል፣ አረምም ይዞ ይመጣል። ሻጮች «የጫካ አፈር» ያቀርባሉ፤ ጥሩ አፈር ነው፣ ግን ከደን ተዝቆ የሚመጣ ስለሆነ የራስዎን ኮምፖስት ቢያዘጋጁ ይሻላል እላለሁ።

አሁን ወደ አመዱ። በየቤቱ ለአበባ አመድ መነስነስ ልማድ ነው፤ የእንቁላል ቅርፊትም እንዲሁ። አመድም ሆነ በቅርፊቱ ያለው ኖራ የአፈሩን አሲድነት ይቀንሳል። ለብዙ ተክል ይጠቅማል፤ ፔቱኒያን ግን ይጎዳል። አሲድነቱ በጣም በቀነሰ አፈር ውስጥ ብረት ቢኖርም እንኳ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ከላይ ያሉት አዳዲስ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፣ የቅጠሉ ጅማቶች ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀራሉ። ቅጠሉ የገረጣ ተክል ስኳር አይሠራም፣ ያለ ስኳር ደግሞ ጥቁር አበባ የለም። ይህን ካዩ አመዱን ያቁሙ፣ ከእርሻ ግብዓት መደብር በውሃ የሚሟሟ የብረት ማዳበሪያ ፈልገው በመመሪያው መጠን ይስጡ። ቢጫ የሆኑት የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ከሆኑ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ተክሉ ናይትሮጅን ርቦታል። ሁለቱን ሳይለዩ መድኃኒት መስጠት የተለመደ ስሕተት ነው።

ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ የጉድጓድ ውሃ ካለዎትም ያው ችግር ቀስ እያለ ይመጣል። ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ካለ ለፔቱኒያው ያቆዩለት።

4. ዘሩን ይዝሩ፣ አይሸፍኑት

የሚያስፈልግዎ ዝቅ ያለ፣ ከሥሩ የተበሳ መያዣ፣ በወንፊት የተነፋ አፈር፣ ንጹሕ ደረቅ አሸዋ፣ ከተቻለ ውሃ የሚረጭ ጠርሙስና ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ነው። በቁመቱ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ጥሩ መያዣ ይሆናል፤ ግማሹ ለአፈር፣ ግማሹ ለክዳን።

የፔቱኒያ ዘር ዱቄት ነው ማለት ይቻላል። 1 ግራም ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጋ ዘር ይገባል። ይህ ትንሽነቱ ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛ፣ አፈር ከላዩ ላይ ከጫኑበት ገፍቶ ለመውጣት አቅም የለውም። ሁለተኛ፣ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። «ዘሩ አልበቀለም» ከሚሉት አብዛኞቹ ዘሩን አፈር ያለበሱት ናቸው።

አፈሩን መጀመሪያ የፈላ ውሃ ያፍስሱበትና ያቀዝቅዙት። ይህ ለጋ ችግኝን ከሥሩ ቆርጦ የሚጥለውን ሻጋታ ይቀንሳል። ከዚያ ዘሩን ከአንድ ማንኪያ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው፣ በታጠፈ ወረቀት ላይ አድርገው በጣትዎ መታ መታ እያደረጉ ይበትኑት። በእጅ መዳፍ ቀለል አድርገው ይጫኑት፤ ብቻ ከአፈሩ ጋር ይገናኝ። ዘሩ በሸክላ የተለበጠ ድቡልቡል ዓይነት ከሆነ ልባሱ እስኪሟሟ ድረስ በደንብ ይርጩበት። ልባሱ ግማሽ ረጥቦ ከደረቀ ዘሩን አንቆ ይይዘዋል።

ከላይ በጆግ ውሃ አያፍስሱ፤ ዘሩ ሁሉ ጥግ ላይ ይከማቻል። መያዣውን ውሃ ባለበት ትሪ ላይ ያስቀምጡና አፈሩ ከሥር ስቦ ላዩ ሲረጥብ ያንሡት። በላስቲክ ይሸፍኑት፣ ብርሃን ያለበት ግን ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው ሞቅ ያለ ቦታ ያኑሩት። 22 ወይም 24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለበት ቦታ ከ7 እስከ 12 ቀን ውስጥ ይበቅላል። በነሐሴ ቤቱ ከዚህ ስለሚቀዘቅዝ የወጥ ቤት መስኮት የተሻለ ነው፤ ሁለት ሳምንት ቢያልፍም ተስፋ አይቁረጡ።

አረንጓዴ ነጠብጣቦች ሲታዩ ላስቲኩን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየከፈቱ ያንሡት። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የሚፈልጉት ብርሃን ነው፣ ብዙ ብርሃን። በክረምቱ ጨለማ ውስጥ ያደገ ችግኝ ቀጭንና ረጅም ይሆናል፤ በኋላ ምንም ቢያደርጉለት አይስተካከልም። ችግኞቹ ከተጨናነቁ ደካሞቹን በምላጭ ወይም በቀጭን ወረንጦ ያስወግዱ። ማሳሳት የሚያሳዝነው ሰው ይኖራል፤ ተጨናንቀው የቀሩት ግን ሁሉም ይደክማሉ።

5. ያዛውሩ

ችግኙ ሦስት ወይም አራት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ለየብቻ ወደ ትንሽ ኩባያ ወይም ፕላስቲክ ያዛውሩት። ሲይዙት በቅጠሉ እንጂ በግንዱ አይያዙ፤ ግንዱ ከተቀጠቀጠ ያልቃል። ወደ ግቢ ከመውጣቱ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ጊዜውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያስረዘሙ ውጭ ያቆዩት፣ ፀሐዩንና ነፋሱን ይልመድ።

6. ቦታውን ለፀሐይም ለዓይንም ይምረጡ

አብዛኛው ሰው ጥቁር አበባ ፀሐይ ያገረጣዋል ብሎ ጥላ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ውጤቱ ረጅም ግንድ፣ ብዙ ቅጠልና ጥቂት አበባ ነው። ፔቱኒያ በቀን ቢያንስ 5 ወይም 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይሻል። የተከፈተ አበባ በቀናት ውስጥ መገርጣቱ እውነት ነው፣ በተለይ የደጋው ፀሐይ ብርቱ ነው። ግን የሚገረጣው ያረጀው አበባ ነው፤ በፀሐይ ያደገው አዲሱ ጥቁር ሆኖ ይተካዋል። በደጋ ሙሉ ፀሐይ ይስጡት። በቆላ የጠዋቱን ፀሐይ ሰጥተው ከቀትር በኋላ ያለውን ቀለል ባለ ጥላ ይከልሉት፤ ጥቁር ነገር ሙቀት ስለሚስብ አበባው ከነጩ ፔቱኒያ ቀድሞ ይጠወልጋል።

መደብ ላይ በተክሎቹ መካከል ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይተዉ፤ ለሚንሰራፋው ወይም ለሚንጠለጠለው ዓይነት ከ45 እስከ 60። አፉ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማሰሮ ለአንድ ተክል ይበቃል። ከሥሩ ያልተበሳ ማሰሮ፣ ባልዲም ሆነ የተቆረጠ ጀሪካን፣ አይጠቀሙ። ጥቁር ላስቲክ መያዣ በቀትር ፀሐይ ሥሩን ስለሚያሞቅ ነጣ ያለውን ይምረጡ ወይም ከውጭ ነጭ ቀለም ይቀቡት።

ሌላው ስሕተት የዓይን ነው። ጥቁር አበባ በጥቁር አፈር ላይ ወይም በጥቁር አረንጓዴ አጥር ሥር ከሁለት እርምጃ በላይ አይታይም። የተከሉት ሰዎች «አላማረብኝም» የሚሉት አበባው አስቀያሚ ሆኖ ሳይሆን ጀርባ አጥቶ ነው። ነጭ ወይም ቀላል ቢጫ ግድግዳ ፊት ለፊት ያድርጉት፣ ወይም ከነጭ ፔቱኒያ፣ ከአሊሱም ወይም ቅጠሉ ብርማ ከሆነ ተክል ጋር ያጣምሩት። ሦስት ጥቁር፣ ሁለት ነጭ ብዬ እተክላለሁ፤ ነጩ ከበዛ ጥቁሩን ይውጠዋል። በረንዳ ላይ ከዓይን ቁመት ጋር ሲተካከልና የማለዳ ወይም የማታ ፀሐይ ከኋላው ሲመጣበት ውስጡ ያለው ቀይ ሐምራዊ ይወጣል። በደረቁ ወራት በመደቡ ላይ የጤፍ ጭድ ቢነሰንሱ አፈሩ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ይቆያል፣ አበባውም ነጣ ያለ ምንጣፍ ያገኛል። ዝናብ ሲጀምር ጭዱን ያንሡት፤ የቀንድ አውጣ መደበቂያ ይሆናል።

7. ጫፉን ይቁረጡ

ተክሉ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ የዋናውን ግንድ ጫፍ ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው የቅጠል አንጓ በላይ በጣትዎ ይቁረጡት። እምቡጥ ቢኖረውም ይቁረጡት። ሰው እዚህ ላይ እጁ ይይዘዋል፤ የመጀመሪያውን አበባ ለማየት የቸኮለ ሰው ግን ወራቱን ሁሉ አንድ ረጅም ግንድ ይዞ ይቀራል። ጫፉ ሲቆረጥ ከሥር ያሉት የጎን ቡቃያዎች ይነቃሉ፤ ከአንድ ጫፍ ፈንታ አራት አምስት ጫፍ ያብባል። አበባው ሁለት ሳምንት ያህል ይዘገያል፤ ይጠብቁት።

8. ውሃ

ጣትዎን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ ይስደዱ። ደረቅ ከሆነ ከሥር እስኪወጣ ድረስ ያጠጡ፤ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። በደረቁ ወራት ማሰሮ ላይ ያለው በየቀኑ ሊጠማ ይችላል፣ መደብ ላይ ያለው ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ በደንብ ቢጠጣ ይበቃዋል። በቀትር መጠውለግ ብቻውን የጥማት ምልክት አይደለም፤ አመሻሽ ላይ ከቀና ሙቀቱ ነው። በቀትር ጠወለገ ብሎ እርጥብ አፈር ላይ ውሃ መጨመር ሥሩን ያበሰብሳል።

ጠዋት ያጠጡ፣ ግንዱ ሥር። በጥቁር አበባ ላይ የውሃ ጠብታ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ እድፍ ከሩቅ ይታያል፤ ሌሊቱን ረጥቦ ያደረ አበባ ደግሞ ይሻግታል።

9. ምግብ፦ ዩሪያ ጠላቱ ነው

ፔቱኒያ ሆዳም ነው፤ በየቀኑ አበባ የሚያወጣ ተክል ሌላ ሊሆን አይችልም። ከተተከለ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀምረው ማሰሮ ላይ ላለው በየሳምንቱ ወይም በየ15 ቀኑ፣ መደብ ላይ ላለው በየወሩ ፈሳሽ ምግብ ይስጡት። በውሃ የሚሟሟ 20-20-20 የተባለ ማዳበሪያ ካገኙ 1 ግራም በ1 ሊትር ውሃ ይበጥብጡ። ካላገኙ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት በጆንያ ቋጥረው ባልዲ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይዘፍዝፉና ቀለሙ የቀጠነ ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥነው ይስጡ። ደረቅ አፈር ላይ ማዳበሪያ አያፍስሱ፤ አስቀድመው ንጹሕ ውሃ ያጠጡ።

ከገበሬ ዘመድ የመጣ ዩሪያ በየቤቱ አይጠፋም። ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ነው። ቅጠሉን ያፈነዳዋል፣ ግንዱን ያለሰልሰዋል፣ አበባውን ያሳንሰዋል፣ ቀለሙንም ያሳሳዋል፤ ተክሉ ስኳሩን ሁሉ ወደ ቅጠል ይልካልና። ጥቁር አበባ የሚፈልግ ሰው ዩሪያውን ለጎመኑ ይስጥ።

10. የጠወለገውን ከነፍሬው ይልቀሙ

አበባው ሲጠወልግ ሰው ለስላሳውን ክፍል ብቻ ስቦ ይጥላል። ከሥሩ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ ቋጠሮ ግን የዘር ከረጢት ናት፤ እሷ ከቀረች ተክሉ ኃይሉን ዘር ለማብሰል ያውላል፣ አዲስ አበባ ማውጣት ይቀንሳል። ስለዚህ ከነዘንጓ ይቁረጡ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ቅጠሉና ግንዱ እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ያረጀ ጓንት ይጠቅማል።

ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ግንዱ ረዝሞ አበባው ጫፍ ላይ ብቻ ሲቀር ሁሉንም ቅርንጫፍ በሲሶ፣ ካስፈለገም በግማሽ፣ ያሳጥሩ። አንድ ላይ መላጣ ማድረግ ካልፈለጉ ዛሬ ግማሹን ቅርንጫፍ፣ ከ10 ቀን በኋላ የቀረውን ይቁረጡ። ወዲያው ያጠጡና ፈሳሽ ምግብ ይስጡ። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ያብባል፤ የሚወጣውም አበባ ከቀድሞው የገረጣ አበባ የጠቆረ ነው። ለገረጣ ፔቱኒያ ይህን ያህል ፈጣን መድኃኒት የለም።

መልክ ያላቸው ዓይነቶች፣ ኮከብ ወይም ነጠብጣብ ያላቸው፣ በአንድ ተክል ላይ የተለያየ መልክ ቢያወጡ አይደንግጡ። የናይት ስካይ ነጠብጣብ ለምሳሌ በቀንና በሌሊት ሙቀት ልዩነት ይበዛል ይቀንሳል። በሽታ አይደለም።

11. ተባይና በሽታ

ፔቱኒያ የቲማቲም፣ የድንች፣ የቃሪያና የትምባሆ ዘመድ ነው፤ በሽታቸውን ይጋራል። ከቲማቲም መደብ አጠገብ አይትከሉት፣ ቲማቲም በነበረበትም ላይ ወዲያው አይትከሉት። የትምባሆ ሞዛይክ የሚባለው ቫይረስ በሲጋራ አጫሽ እጅ ሳይቀር ይተላለፋል። የሚያጨስ ሰው ተክሉን ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። ቅጠሉ ቀላልና ጥቁር አረንጓዴ ተቀላቅሎበት ከተጨማደደ መድኃኒት አይፈልጉለት፤ ነቅለው ያስወግዱት፣ መቀሱንም ይጠቡ።

ክሽክሽና ነጭ ዝንብ የሚደበቁት ከቅጠሉ በታች ነው። በየሳምንቱ ገልብጠው ይዩ። ጥቂት ከሆኑ በውሃ ግፊት ያራግፏቸው፤ ከበዙ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው አመሻሽ ላይ ከቅጠሉ ሥር ይርጩ፣ በማግሥቱ ያጥቡት። እምቡጡ ላይ ክብ ቀዳዳ ካዩ ውስጡ ትል አለ፤ በማለዳ ወይም በምሽት በእጅ መልቀም ይበቃል። ቀንድ አውጣ በዝናብ ሌሊት ይወጣል፣ ያኔ በባትሪ ይለቀማል። አበባው ላይ ግራጫ ሻጋታ ሲታይ የረጠቡትን አበቦች ሁሉ ያስወግዱ፣ ማሰሮዎቹንም አራርቀው አየር ያሳልፉ።

12. እናቲቱን ከክረምት ያሳልፉ

የወደዱት ጥቁር ፔቱኒያ ከዘር እንደማይመለስ ቀደም ሲል ተነግሯል። ከቁራጭ ግን ራሱ ይመለሳል። ከግንቦት መጨረሻ በፊት፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ እምቡጥ ከሌላቸው ጤነኛ ለጋ ቀንበጦች ላይ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ቁራጮች በንጹሕ ምላጭ ይውሰዱ። እምቡጥ ያለው ቁራጭ ሥር ከማውጣት ይልቅ ለማበብ ይታገላል። የታችኞቹን ቅጠሎች ያንሡ፣ እርጥብ አሸዋና ኮምፖስት እኩል በተቀላቀለበት ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይትከሉ፣ ሥሩ በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ይድፉበት፤ ክዳኑን በቀን ጥቂት ጊዜ ይክፈቱት። ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ የማይነካው ቦታ ይቀመጥ። በ10 ወይም በ14 ቀን ሥር ያወጣል፤ ቀለል አድርገው ሲስቡት ከተቃወመዎ ይዟል ማለት ነው።

እነዚህን ትንንሽ ችግኞች ክረምቱን በጣሪያ ጠርዝ ሥር ወይም በመስኮት ዳር፣ ውሃ እየቆጠቡ፣ ማዳበሪያ ሳይሰጡ ያቆዩ። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ጫፋቸውን ይቁረጡ፤ አይረዝሙም። መስከረም ሲጠባ በአዲስ አፈር ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይትከሏቸውና መመገብ ይጀምሩ። ለጎረቤት ቢሰጡ መልካም ነው፤ ለመሸጥ ማባዛት ግን፣ ዝርያው መብቱ የተጠበቀ ከሆነ፣ የአዳቃዩን ፈቃድ ይጠይቃል። እናቲቱ ላይ የቫይረስ ምልክት ካለ ምንም ያህል ቢያምር ቁራጭ አይውሰዱባት፤ በሽታው ከቁራጩ ጋር ይሄዳል።